የእትዬ ዘነበች ቀይ ሳንቃ

ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነበች ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ አረፉ። ዓርብ ተቀበሩ። ብዙዎቻችሁ ቀብሩ ላይ ነበራችሁ፤ ከበዴሳና ከዱቦ መንገዱ ሳይመቻችሁ ቀርቶ ኋላ የሰማችሁም አላችሁ። ይህን የምጽፈው ለሁላችሁም ነው። ልብስ ለሰፉላችሁ፣ ስፌት ላስተማሯችሁ፣ የእናታችሁን የድሮ ቀሚስ ከሣጥን አስወጥተው በአድናቆት ላዩላችሁ ሁሉ። እኔ የመጨረሻ ወንድማቸው ብሩክ ነኝ። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሥራዬ አናጺነት ነው። ጽሑፍ አልለመድኩም። ነገር ባዛባ፣ ከመሃል ብጀምር፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከመሞታቸው በፊት የነበረው ቀን፣ ረቡዕ፣ ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። ጠዋት ዘንቦ ነበር። ከዚያ ዳሞታ ተራራ ላይ የነበረው ጉም ተነሣና ፀሐይ ወጣች። እኔ ከምሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ለምሳ ወደ ስፌት ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ በሩ አጠገብ፣ ብርሃን በሚገባበት ቦታ ተቀምጠው ቁልፍ ይተክሉ ነበር። ማርታ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግታ ትቆርጣለች። ማርታን የማታውቋት ካላችሁ፣ ስድስት ዓመት ከእትዬ ጋር የሠራች ተማሪያቸው ናት። ምሳችን ቅቅል ቦዬ ነበር፣ እንደ ድንች ያለው ሥር፣ ከበርበሬ በተፈጨ ዳጣ።

«ይሄ ዳጣ ለማን ነው እንዲህ የሚፋጀው?» አልኩ።

«ለአንተ ነዋ። እንጨት ስትልግ እንቅልፍ እንዳይወስድህ» አሉኝ።

«እትዬ፣ እሱ መላጊያውን ታቅፎ ነው የሚተኛው» አለች ማርታ። «ባለፈው ሄጄ ሦስቴ ጠርቼው አልሰማም።»

እትዬ ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ነበር የሚስቀው፣ ድምፃቸው ብዙም አይሰማም። በልተን ስንጨርስ እጃቸውን ታጠቡ፣ በፎጣ አደረቁ፣ ደግመውም አደረቁ፤ ከዚያ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አውጥተው ዘረጉልኝ።

«ብሩኬ፣ በአንተ ዓይን እስቲ እየው። ቀዩ የት ጋ ነው የሳተኝ?»

ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ኋላ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ወረቀቱ ምን እንደነበር፣ እሳቸውም ማን እንደነበሩ መናገር አለብኝ።

አባታችን በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር ወደ ሶዶ የመጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እትዬ የበኩር ልጃቸው ናቸው፣ እኔ የመጨረሻው። በመካከላችን ሃያ ሦስት ዓመት አለ። እናታችን ስትሞት እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር። ያሳደጉኝ እትዬ ናቸው፤ ስለዚህ አንቺ ብያቸው አላውቅም። አባታችንም ሲሞቱ የስፌት መኪናውም መቀሱም ደንበኛውም ወደ እሳቸው ዞረ። ስፌት ሥራቸው ነበር። ፍቅራቸው ግን የድሮ ልብስ ነበር። ሰው ድሮ ምን ለበሰ፣ እንዴት አሰረው፣ ለምን እንደዚያ ቆረጠው፣ ይህን ሳያውቁ አያልፉም። መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት ቢያዩ ከሰላምታው በፊት እጅጌዋን ነው የሚያዩት።

በዚህም ብዙ ሰው ይቀልድባቸው ነበር። ገበያ ላይ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ሰው ባለፉ ቁጥር ይጠራቸዋል።

«እትዬ ዘነበች! የአያቴ ቡትቶ መጥቷል፣ አይገዙም?»

«ቡትቶ አትበለው» ይሉታል። «የአያትህ ልብስ እስከ ዛሬ ቆይቶ አንተ ትቀልድበታለህ። የአንተን ሱሪ ግን ለልጅ ልጅህ የሚያስቀምጠው የለም፤ አሁንም ጉልበቱ ላይ ሊቀደድ ነው።»

ሰውየው ቀብሩ ላይ ነበር። ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።

የጃፓን ሥዕል መውደዳቸው የመጣው በአንዲት አስተማሪ ነው። ዩኮ የምትባል ጃፓናዊት እዚህ ሶዶ ሁለት ዓመት አስተምራ ነበር። ቀሚስ ልታሰፋ መጣች፣ ከዚያ እየተመላለሰች ወዳጅ ሆነች። ወደ አገሯ ስትመለስ ሁለት ነገር ትታላቸው ሄደች። አንደኛው ትልቅ የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ነው። አሥራ ሁለት ሥዕል አለው፣ ሁሉም በእንጨት ላይ ተቀርጾ በወረቀት ላይ የታተመ የድሮ የጃፓን ሥዕል፣ አብዛኛው የሴቶች። ሁለተኛው ያ ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ በፎቶግራፍ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉ በጃፓንኛ ስለሆነ አንዲት ቃል አንብበው አያውቁም።

የቀን መቁጠሪያው ዓመቱ ካለፈ ስንት ጊዜው ነው፣ እትዬ ግን ከግድግዳው አላወረዱትም። ወር ሲገባ ገጹን ይገልጣሉ። ያን ቀን ሻይ ይዘው ከፊቱ ይቀመጣሉ። ዩኮ ገና እዚህ ሳለች እሷኑ ይጠይቋት ነበር፣ እኔም አንድ ቀን ሰምቻለሁ።

«ይቺ ሴትዮ አንገትጌዋ ላይ ስንት ልብስ ነው የሚታየው? እኔ አራት ቆጥሬአለሁ።»

ዩኮ ተጠግታ አየች። «አላውቅም» አለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። «እኔ ጂንስ ነው የምለብስ።»

«አያትሽስ?»

«አያቴ ታውቃለች።»

«እንግዲያው ስትሄጂ አያትሽን ጠይቂልኝ» አሏት። «ሳትሞት ጠይቂያት። ሰው የሚሞት አይመስለውም እንጂ፣ ልብስ የሚያውቅ ሰው ሲሞት ልብሱም አብሮ ይሞታል።»

ዩኮ ከሄደች በኋላ ደብዳቤ ጻፈች። አያቷ አራት ነው ብለዋል። እትዬ ደብዳቤውን ለደንበኛ ሁሉ ያሳዩ ነበር።

እኔ በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ቆንጆ ሴቶች ብቻ ነበር የማየው። እሳቸው ያዩ የነበረውን እዚህ ልጽፈው፣ ምክንያቱም ሌላ የሚጽፈው የለም። «ፊታቸው ሁሉ አንድ ነው» ይሉ ነበር። «አፍንጫውም አንድ፣ አፉም አንድ። ልብሳቸው ግን አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። ይህ ሠዓሊ የልብስ ሰፊ ልጅ መሆን አለበት።» ከወገባቸው ላይ ያለውን ሰፊ መታጠቂያ መቀነት ነበር የሚሉት። ከሁሉ የገረማቸው ግን አቆራረጡ ነው። የጃፓኖቹ ልብስ በጠባቡ ከተሸመነ ጨርቅ የተሠራ ነው፤ ቀጥ ቀጥ እያለ ተቆርጦ ጎን ለጎን ይሰፋል። ክብ የሚወጣለት፣ ተቆርጦ የሚጣል የለም። «ልክ እንደ እኛ» አሉ ይህን ሲያገኙት። «እኛም ጥበቡን፣ ጋቢውን፣ ዱንጉዛውን በጠባቡ ነው የምንሸምነው፣ ኋላ ነው የምናጋጥመው። እነሱም ሸማኔውን ያከብሩታል ማለት ነው። ድካሙን ቆርጠው አይጥሉበትም።»

ከዚያ ወዲህ ማርታን ሲያስተምሩ አንድ ቃል ነበራቸው፦ «መቀሱን ከማንሣትሽ በፊት የሸመነውን ሰው አስቢው።»

እሳቸውም በዚሁ የአገራችንን የድሮ ልብስ ፍለጋ ጀመሩ። በእረፍት ቀናቸው ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ በዴሳ፣ ወደ ዱቦ ይሄዳሉ። አንዳንዴ እኔም አብሬያቸው እሄድ ነበር። ልብስ አይገዙም፣ አይለምኑም። «አሳዩኝ» ብቻ ነው የሚሉት። ጋዜጣ ዘርግተው ቅርጹን በእርሳስ ይገለብጣሉ፣ ስፌቱን ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ልብሱን በካውያ ተኩሰው፣ የላላውን ጠቅመው፣ አጥፈው ይመልሳሉ።

በበዴሳ እማማ አስቴር የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። የተሞሸሩበትን የአቡጀዲ ቀሚስ ከሣጥን አወጡልን። እጅጌው ሰፊ ነው፣ ጫፉ ላይ የዱንጉዛ ጥብጣብ ዞሮበታል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ብብቱ ሥር ተቀዷል። እማማ አስቴር በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ የልጅ ልጃቸው ሳቀችና ተረጎመችልን። «በዚህ ልቀበር ፈልጌ ነበር፣ ግን የተቀደደ ለብሼ ጌታ ፊት ልቀርብ ነው? እያሉ ነው።»

እትዬ ቀሚሱን ይዘው ደጅ ወጡ። ግማሽ ቀን ሙሉ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሰፉት። አዲስ ጨርቅ አልጨመሩበትም፤ ከራሱ ከውስጥ ጠርዝ ክር እየመዘዙ ነው የጠቀሙት። ሲመልሱላቸው እማማ አስቴር ቀዳዳውን ፈልገው አጡት። ገልብጠው ፈለጉት፣ አጡት። ከዚያ እትዬን ጉንጫቸውን ይዘው ሳሟቸው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ምን እንዳሉኝ አስታውሳለሁ፦ «ብሩኬ፣ ያ ቀሚስ ከሳቸው ጋር ሊቀበር ነው። መብታቸው ነው። ግን አንድ ቦታ መቅረት አለበት።»

እንዲህ ነው የእንጨቱ ሥራ የተጀመረው።

ፎቶ ማንሣት ይቻል ነበር፣ አነሡም። «ፎቶ ሁሉንም እኩል ያያል» ነው ያሉት፤ «ምኑን ማየት እንዳለብህ አይነግርህም።» የእማማ አስቴርን ቀሚስ እንደ ጃፓኖቹ በእንጨት ቀርጸው ማተም ፈለጉ። አንዲት ሴት ከኋላ ታይታ፣ ቀሚሱን ለብሳ፣ በትከሻዋ ላይ ዱንጉዛ ጣል አድርጋ። በመጽሐፉ ፎቶግራፍ እያዩ፣ እየተሳሳቱ፣ ሁለት ዓመት ተማሩት። እንጨቱን እኔ ነኝ ያመጣሁላቸው፤ ከድሮ ቁም ሣጥን የወጣ የዝግባ ሳንቃ። ጃፓኖቹ ከሩዝ የሚያበጁትን ሙጫ እሳቸው ከቡላ አበጁት። ወረቀቱን ከጀርባው የሚያሹበትን መሣሪያ ደግሞ ገመድ ጠምጥመው በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ሠሩት። መሮዎቹን የምስልላቸው እኔ ነበርኩ።

አሁን የምጽፈውን እንድትረዱልኝ ስለ ሥራው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሳንቃ አለ። ሦስት ቀለም ከሆነ ሦስት ሳንቃ ነው፤ ጥቁሩ መስመሩን ያትማል፣ ቢጫው ቢጫውን፣ ቀዩ ቀዩን። ያው አንዱ ወረቀት በሦስቱም ላይ በየተራ ይጋደማል። ቀለሞቹ በቦታቸው እንዲያርፉ በእያንዳንዱ ሳንቃ ጥግ ላይ የወረቀቱን ማዕዘን የሚይዝ ትንሽ ምልክት ይቀረጻል። ወረቀቱ የሚመራው በዚያች ምልክት ነው። ምልክቷ የክር ያህል ከተንቀሳቀሰች ሥዕሉ ሁሉ ይንቀሳቀሳል።

ባለፈው ክረምት ሦስቱን ሳንቃ ቀርጸው ጨረሱ። ቀዩ ሦስት ወር ፈጅቶባቸዋል፣ የዱንጉዛው ቀጫጭን መስመር ሁሉ እሱ ላይ ነበር። ገና አልታተመበትም። በእርጥበቱ ምክንያት ጀርባው ትንሽ ጎብጦ ስለነበር «ጀርባውን ብቻ ላግልኝ» ብለው ሰጡኝ። ወደ ሥራ ቤት ወሰድኩት። በጨርቅ ጠቅልዬ በሁለት ጎን ጨብጦ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰርኩት። አጥብቄ አሰርኩት። መላጊያውን ስገፋ ቋ አለ።

ጥጉ ተሰብሮ ወደቀ። ያች ምልክት ያለችበት ጥግ።

ያኔ ይዤው መሄድ ነበረብኝ። «እትዬ፣ ሰበርኩት» ማለት ነበረብኝ። ምን ይሉኝ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። «በል አምጣው፣ ምልክቷን እንደገና እንለካታለን» ነበር የሚሉኝ። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። እኔ ግን አናጺ ነኝ፤ አናጺ ስንጥቅ መደበቅ ያውቃል። ኮላ ቀባሁት፣ መለስኩት፣ ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሼ ስንጥቁን ሞላሁት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ለደንበኛ አልጋ እንደምናደርገው። ዓይን አያገኘውም። ሳስረክባቸው እጃቸውን በጀርባው ላይ አሳለፉና «የእኔ ወንድም የነካው እንጨት እንዲህ ነው» ብለው ለማርታ አሳዩዋት።

ጥጉ ግን በትክክል በቦታው አልተመለሰም ነበር። የስንደዶ ውፍረት ያህል ተንሸራቷል።

ሲያትሙ ቀዩ ሳተ። በአንድ በኩል ጥቁሩ መስመር ላይ ወጣ፣ በሌላው በኩል ነጭ ወረቀት ቀረ። ሁለተኛ አተሙ፣ ያው ነው። አሥረኛ፣ ያው ነው። ሳንቃውን አልጠረጠሩም። እኔንም አልጠረጠሩም። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና «ስቀርጸው ነው የሳትኩት» አሉ። «መስመሩን ሳየው ሌላ ቦታ ነው የታየኝ። ዓይኔ ነው።»

ስኳር እንዳለባቸው ታውቃላችሁ። ስኳር ዓይን እንደሚጎዳ ሰምተዋል፤ ሲጠብቁት የነበረ ነገር የመጣ መሰላቸው። ከገበያ መነጽር ገዝተው አተሙ። በመነጽሩም ያው ሆነ። «መነጽርም አልረዳኝም፤ እንግዲህ አልቋል ማለት ነው» አሉ። ሐኪም ዘንድ ታይተው እንዲመጡ ማርታ ብትለምናቸው «የማውቀውን ሊነግሩኝ ነው?» ብለው እምቢ አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሮ አልያዙም። ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት ዛሬ አልጽፍም ነበር። ከሳምንት በኋላ የአባታችንን መቀስ ለማርታ ሰጧት። «ከእንግዲህ የሰው ጨርቅ አልቆርጥም፣ አበላሽበታለሁ» አሉ። ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ ማጠፍ፣ ካውያ፣ ይህን ብቻ ያዙ። ማርታ መቀሱን አልቀበልም ብላ አለቀሰች።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ከዱቦ አንዲት ሙሽራ መጣች፣ ከእናቷ ጋር። ሠርጓ ላይ እንደ አያቷ ለብሳ መውጣት ፈለገች። «እርስዎ ያውቁታል አሉኝ» አለች። ያ እንግዲህ እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ሥራ ነው። አሁን ያለች ልጅ፣ በገዛ ፈቃዷ፣ የድሮውን ልብስ ልልበስ ስትል። የሰበሰቧቸውን የጋዜጣ ቅርጾች አውጥተው ዘረጉላት። የእጅጌውን አጣጣፍ፣ የመቀነቱን አስተሳሰር አሳዩዋት፣ ሰዓቱን ረሱት። ልጅቷ ተነሥታ «እሺ፣ መቼ ልምጣ ለልኬት?» ስትል ያኔ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ እኔ አልቆርጥልሽም» አሏት። «የማየውን መስመር አላምነውም። በሠርግሽ ቀን ላሳፍርሽ አልፈልግም።»

እናትየዋ ለመነች። ማርታ «እኔ ልቁረጥ፣ እርስዎ ይንገሩኝ» አለች። «ለዚህኛው አልደረስሽም፤ ስትስቺ ለማረም ደግሞ እኔ ዓይን የለኝም» አሉ። ሙሽራዋ ሌላ ቦታ ሄደች። እትዬ ጋዜጦቹን አንድ በአንድ አጠፏቸው። ያን ቀን ከሥራ ቤት ለመደርደሪያ የሚሆን ሳንቃ ላደርስ መጥቼ በሩ ላይ ነበርኩ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሳንቃውን አስቀምጬ ሄድኩ።

ለምን ዝም አልክ ትሉኛላችሁ። እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ፈራሁ። ኋላ ደግሞ አፈርኩ። አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ «ሰበርኩት» ማለት ብቻ አልሆነም፤ «ሳምንት ሙሉ ሲያዝኑ እያየሁ ዝም አልኩ» ማለትም ሆነ። ወር ሲያልፍ ወሩም ተጨመረበት። ባደረ ቁጥር የምናገረው ነገር ይከብዳል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እንግዲህ ረቡዕ ዕለት ዘርግተው ያሳዩኝ ወረቀት ያ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ከመሳቢያ አውጥተው።

«ቀዩ የት ጋ ነው የሳተኝ?»

ወረቀቱን ያዝኩት። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፣ ቀሚሷ የእማማ አስቴር ነው፣ ስፌቱ ሁሉ አለ። ቀዩ የስንደዶ ያህል ወደ ግራ ወጥቷል። ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። የቀረጸ ሰው ቢስት አንድ ቦታ ይስታል እንጂ ሁሉም ቦታ እኩል አይስትም። ይህን ማንም አናጺ ያውቃል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቴን ነው፣ ደርሶ ነበር።

«ብዙም አይታይም» አልኳቸው።

«አትዋሸኝ። የእኔ ዓይን ቢደክም ያንተ አልደከመም።»

«ነገ በደንብ አየዋለሁ፣ አሁን ሥራ አለብኝ» አልኩ።

«በል ሂድ» አሉኝ። «ዳጣው አንደበትህን አቃጥሎታል መሰለኝ።»

ማርታ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ወጣሁ። ሐሙስ ጠዋት ማርታ ደወለችልኝ። ወድቀው ነው ያገኘቻቸው። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው፣ ሐኪሞቹ ብዙ ደከሙላቸው። አልተናገሩም። ረፋድ ላይ አለፉ።

እትዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ለእርስዎ ነው የምናገረው።

ዓርብ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ነበርን። የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ታደሰ፣ ያው የድሮ አስተማሪዬ፣ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክዎን ጽፈው መጥተው ነበር። ቤተሰብ ይስማው፣ የጎደለ ካለ ይታረም ብለው አነበቡልን። የተወለዱበትን፣ አባባ መቀሱን እንዴት እንዳስያዙዎት፣ እኔን ማሳደግዎን፣ ሁሉንም አሳምረው ጽፈውታል። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፦ «ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ በመምጣቱ ይወዱት የነበረውን ሥራ ለማቆም ተገደዋል።»

ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይህ ይሰረዝ» አልኩ።

«ምኑ ልጄ?»

«የዓይኑ ነገር። ዓይናቸው ደህና ነበር።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አክስታችን «ኧረ ተወው ልጄ፣ ኀዘን ነው፣ ምን ያጣላል?» አሉ። ማርታ ከሴቶቹ መካከል ቀና አለች። ያኔ ተናገርኩት። ሞርሳውን፣ የተሰበረውን ጥግ፣ ኮላውን፣ ሰጋቱራውን። ሙሽራዋን በሩ ላይ ቆሜ መስማቴን። ረቡዕን። አንድ በአንድ ተናገርኩት።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ» አሉኝ፣ «በሰው የሕይወት ታሪክ ላይ የአንተ ጥፋት አይጻፍም።»

«የእኔ አይጻፍ» አልኳቸው። «የሳቸው ያልሆነው ይሰረዝ።»

ጋሽ ታደሰ እስክሪብቶ ከኪሳቸው አውጥተው ያቺን ዐረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር ሰረዟት። ሰዉም እያየ። በቦታዋ ምን እንዲገባ እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ምንም እንዳይገባ አልኳቸው፤ የጃፓኖቹን ልብስ ያነበቡ፣ የእማማ አስቴርን ቀሚስ የጠገኑ፣ ዱንጉዛን በእንጨት የቀረጹ ሴት ናቸው የሚለው ከላይ ተጽፏል፣ ይበቃል አልኩ። ቀትር ላይ እንደዚያው ተነበበ፣ አገር ሁሉ እየሰማ።

ማርታ እስከ አሁን አላናገረችኝም፣ እትዬ። እውነቷን ነው። መቀሱን ሲሰጧት ያለቀሰችው እሷ ናት።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት ዘግይቻለሁ። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው ሳለ ልለው የሚገባኝን፣ ዓርብ ጠዋት ለሰው ተናገርኩት፤ እርስዎ ግን አልሰሙትም። ይህን የሚመልስልኝ የለም። አሁን ልነግርዎት የምችለው የጠየቁኝን ብቻ ነው። ቀዩ የትም አልሳተዎትም። የቀረጹት መስመር ሁሉ ልክ ነበር።

በሰላም ይረፉ፣ እትዬ።